መንገድ የበላው ቆዳ

ከቆዳ ቤቱ በተሰናበትኩ ዕለት ሙሴ ያኒ ጃንጥላ ሰጠኝ። ጥቁር ነው፤ እጀታው ቆልመም ያለ እንጨት። ሙሴ ያኒ አዳማ ባቡር ጣቢያ አጠገብ የቆዳ መጋዘን ያለው ግሪክ ነው፤ ፈረንጁን ሁሉ ሙሴ ነበር የምንለው። በሱ አማርኛ ሴትም ወንድም አንድ ነውና፣ «አስካለ፣ ብዙ ዓመት ሠራህ። ይኼ ከክረምት ይጠብቅህ» አለኝ። ሴቶቹ እልል አሉ። እኔም እጅ ነስቼ ተቀበልኩ። ግን «ክረምት» ያላት ቃል ጆሮዬ ውስጥ ቀረች። ረስቶታል ማለት ነው። ረስቶት ካልሆነማ የባሰ ነው።

ጃንጥላውን እስከ ዛሬ አልዘረጋሁትም። ግድግዳ ላይ ሰቅዬው፣ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ነው ይህን የምጽፈው። ጽሕፈቴ የተማረ ሰው ጽሕፈት አይደለም። ቁጥር ያወቅሁት ጭነት ላይ ከተቀባው ምልክት ነው። ፊደሉን ደግሞ ጎረቤቴ የነበሩ መርጌታ፣ ጥጥ እየፈተልኩላቸው፣ እሑድ እሑድ አስቆጥረውኛል። ስለዚህ እንደማወራው ነው የምጽፈው፤ ያስረዘምኩ እንደሆነ ታገሡኝ።

አገሬ ምንጃር ነው። ባሌ በንዳድ ሞተና ወንድሞቹ መሬቱን ተካፈሉ፤ በሬውን ተካፈሉ፤ እኔን ግን ማንም በድርሻው አላስገባኝም። ባቡሩ አጠገብ ሥራ አለ ሲባል ሰማሁና ቁልቁል ወደ አዳማ ወረድኩ። መጀመሪያ የገባሁት ማራገፍ ላይ ነው። ከመልካሳ ማዶ፣ ከአርሲ የሚመጣ የደረቀ የበሬ ቆዳ ይዘረጋል፣ ሁለት ሴቶች ግራና ቀኝ ቆመው በዱላ ይቀጠቅጡታል፤ አቧራውና ብሉ ይራገፋል። ሽታው! በመጀመሪያው ቀን እያስመለሰኝ ስወጣ፣ አብራኝ የምታራግፈው ፋጡማ የምትባል የአርሲ ሴት ሳቀችብኝ።

«አይዞሽ እቴ» አለች። «አንድ ወር ብቻ ቆዪ። ከዚያ ቆዳው ነው አንቺን ሲያይ አፍንጫውን የሚይዝ።»

እውነትም ወር ሳይሞላ ለመድኩት። ክፍያው በየሳምንቱ ነበር፤ አንዳንዴ ገንዘብ፣ አንዳንዴ ጨው። ስለሱ ይህን ካልኩ ይበቃል።

አሁን ስለ ኦቦ ደበሌ ልናገር። የዚህ ሁሉ ወሬ ባለቤት እሳቸው ናቸው።

ኦቦ ደበሌ የወለንጪቲ ሰው፣ የመጋዘኑ መዛኝ ነበሩ። ረዥም፣ ቀጭን፣ ነገር የማያበዙ። ሚዛናችን ከጣራው ወጋግራ የተንጠለጠለ፣ ግራና ቀኙ እንደ በር መዝጊያ የሚያህል ሳንቃ ነበረው። ሌላው ሰው ቆዳውን በአንዱ ሳንቃ፣ ብረቱን በሌላው ጭኖ ይጨርሳል። ኦቦ ደበሌ ግን ከመዘኑ በኋላ ይገለብጡታል፤ ቆዳው ወደ ብረቱ ቦታ፣ ብረቱ ወደ ቆዳው ቦታ ይሄድና እንደገና ይመዘናል። ሁለቱ ካልተስማሙ አይጽፉም፤ ማለቴ አያስጽፉም፣ ራሳቸው ፊደል አያውቁም ነበር።

«ለምን ሁለቴ ይደክማሉ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

«ኢንተላ፣ ሚዛን እንደ ሰው ቀኝ እጅና ግራ እጅ አለው» አሉኝ። ኢንተላ ማለት በኦሮምኛ ልጄ፣ አንቺ ልጅ እንደ ማለት ነው። «አንዱ እጁ ሲዋሽ ሌላውን መጠየቅ ነው።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። በየጧቱ ከወገባቸው አንዲት ጥቁር ባልጩት ያወጣሉ፤ ከመተሐራ መንገድ ያነሷት፣ ጡጫ የምታህል፣ እንደ መስተዋት የምታበራ። እሷን ከብረቶቹ ጋር ይመዝናሉ። ብረት ይዝጋል፣ ይበላል፣ ይቆሸሻል። ባልጩቷ ግን ትናንት የነበረችውን ናት። «ይህች ውኃ አትጠጣም» ይሉ ነበር። ይህን ቃል ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ሰምቼው ምን ሠራሁበት!

ቆዳ ሲገዙ ደግሞ ጠርዙን እጥፍ አድርገው ጆሯቸው ሥር ያስጠጉታል። የደረቀ ቆዳ ሲታጠፍ ይጮኻል። ከጮኸ «ጋሪ ዳ» ይላሉ፣ ጥሩ ነው ማለት ነው። ዝም ካለ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔን ከማራገፍ አውጥተው ሚዛን አጠገብ ያቆሙኝ እሳቸው ናቸው። ቁጥር ስትጠራ አትሳሳትም ብለው ለሙሴ ያኒ ነገሩት።

ሁለት ዓመት እንደ ሠራሁ ሙሴ ያኒ ወረቀት በእጁ ይዞ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ መጋዘኑ ውስጥ ገባ። ባሕር ማዶ ያለው ገዢ «በዚህ ዋጋ አምጣ» ብሎታል። እሱ ደግሞ እዚህ በስንት ቢገዛ እንደሚያዋጣው አያውቅም።

«እዚህ ሃያ ቆዳ እገዛለሁ» አለ። «እዚያ ሃያ ቆዳ ይደርሳል። ትርፍ ግን የለም! መንገድ በላው። ስንት በላ? ማንም አያውቅም!»

ሃያ ቆዳ አንድ ኮርጃ ነው፤ በኮርጃ ነው የምንቆጥረው። እኔ ነገሩ ውስጤ ሲመላለስ አደረና በማግስቱ አንድ ኮርጃ ቆዳ መሬት ላይ በረድፍ ዘረጋሁ። በወረቀት ማስላት አልችልም ነበር፤ በዓይን የማየውን ግን አውቃለሁ። ሙሴ ያኒን እጠይቀዋለሁ፣ ይነግረኛል፤ እኔ ቆዳ አነሣለሁ። ባቡሩ ለአንድ ኮርጃ የሚወስደው የስንት ቆዳ ዋጋ ነው? የሁለት። ሁለት አነሣሁ። ኬላና ጉምሩክ ተደምሮ? ሁለት። ጅቡቲ ላይ ተሸካሚውና ማከማቻው? አንድ። መርከቡ? ሁለት። ሁሉን እያጠፍኩ ወደ ጎን አደረግሁት።

ኦቦ ደበሌ ሚዛኑ አጠገብ ቆመው ያዩ ነበር። «ፀሐይን ረሳሻት» አሉኝ።

ልክ ናቸው። ቆዳ ቆላውን አልፎ ባሕር እስኪደርስ ይደርቃል፣ ክብደቱ ይጎድላል፤ ገዢው ደግሞ የሚከፍለው ለክብደት ነው። ስለዚህ አንድ በጋ ሙሉ፣ ከኅዳር እስከ መጋቢት፣ እኛ የመዘንነውን ጅቡቲ ያለው ተቀባይ በደብዳቤ ከሚልከው ክብደት ጋር አስተያየሁ። ከኮርጃው አንድ ቆዳ የሚያህል ይጎድል ነበር። ሃያውን እንደገና ዘርግቼ፣ የፊቶቹን ሰባት አንሥቼ፣ አንድ ለፀሐይ ጨመርኩ። ከሃያው ስምንቱ መንገድ ላይ ቀሩ፣ አሥራ ሁለቱ ደረሱ። ሙሴ ያኒ እንግዲህ ለሃያው እዚህ የሚከፍለው ባሕር ማዶ ከሚያገኘው የአሥራ ሁለቱ ዋጋ ማለፍ የለበትም።

ሙሴ ያኒ ቆዳዎቹን ዞሮ ዞሮ አያቸው። ከዚያ ሳቀ፣ ጭንቅላቱን መታ። «ይኼ የአስካለ ልክ ነው!» አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንዲያ ተብሎ ቀረ። መቂ ድረስ ልኮኝ አንድ በጋ የገዛሁትም በዚያው ልክ ነው። በኋላ ሙሉ ቆዳ መዘርጋት ስለሚያደክም መዳፍ የሚያህሉ ሃያ ቁራጮች ቆርጬ በከረጢት እይዝ ጀመር። ነጋዴ ሲመጣ እዘረጋለሁ። ሰዎች «የልኳ ሴትዮ» ይሉኝ ነበር። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይለኝ ነበር። ባሌ ቤት ሳለሁ ድስቱም አልጋውም የሱ ነበር። በዕድሜዬ በስሜ የተጠራ ነገር ያ ልክ ብቻ ነው።

አሁን ወደ መራራው ልምጣ።

በክረምት ሥራ አይኖርም ነበር። አዋሽ ይሞላል፣ ጭቃው ግመል ያሰምጣል፣ ቆዳ አይመጣም። አንድ ዓመት ግን ባሕር ማዶ ዋጋ ወጣ ተባለና ሙሴ ያኒ በሐምሌም ግዙ አለ። ቆዳው በፀሐይ አልደርቅ ስላለ በጨው ታሽቶ መጣ። ኦቦ ደበሌ አንዱን አነሡ፣ ጠርዙን አጥፈው ጆሯቸው ሥር ያዙት።

«ዝም አለ» አሉ።

ሙሴ ያኒ መርከቡ አይጠብቅም ብሎ አስጫነ። እኔ ቁጥር እየጠራሁ ነበር። «ዝም አለ» ሲሉ ሰምቻለሁ።

በመስከረም ከጅቡቲ ደብዳቤ መጣ። የቆዳው ቁጥር ሙሉ ነው፤ ክብደቱ ግን ከየኮርጃው የሦስት ቆዳ ያህል ጎድሏል። ሙሴ ያኒ ጠራኝ።

«ልክህ ስንት ነው? ፀሐይ ስንት ይበላል?»

«አንድ።»

«እና ሁለቱ የት ሄደ?»

የመጋዘኑ ቁልፍ በኦቦ ደበሌ እጅ ነበር። ከባዱን ቆዳ ለራሱ አስቀርቶ በቀላል ቆዳ ለወጠው፣ ቁጥሩ የሞላው ለዚህ ነው ተባለ። ያሉት ሙሴ ያኒና የመጋዘኑ ዘበኛ ናቸው። እኔ አላልኩም። ዝም ማለቴን ግን እናገራለሁ። ዘበኛው የራሱን ነጠላ ጫፍ ከኦቦ ደበሌ ነጠላ ጋር ቋጠረ። በዚያን ጊዜ ተከሳሽ እንዲያ ተቋጥሮ ነበር ወደ ዳኛ የሚሄደው። ባልጩቷ ሚዛኑ ላይ ቀረች። ገበያው መሐል ሲያልፉ የሚያውቃቸው ሁሉ ቆሞ አየ።

ዳኛው ጣቢያው ማዶ ካለው ግራር ሥር ተቀምጠው ነበር የሚያስችሉት። ክፉ ሰው አልነበሩም። ኦቦ ደበሌ «ጌታዬ፣ ቆዳው ውኃ ይዞ ነበር፤ ጨው ውኃ ይስባል። የጎደለው ውኃው ነው» አሉ።

ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ። «ልኩን ያወጣሽ አንቺ ነሽ አሉ?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያ አንቺ ንገሪን። ውኃ ይህን ያህል ያጎድላል?»

ሰው ሁሉ እኔን ያያል። እንዲህ ያለ ሰው «ንገሪን» ብሎኝ አያውቅም። «ልኬ አንድ ቆዳ ነው» አልኩ።

ኦቦ ደበሌ «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቃት» አሉ። ተፈቀደላቸው። አልተቆጡም፤ ሚዛን አጠገብ በሚያናግሩኝ ድምፅ ነው የጠየቁኝ። «ኢንተላ፣ ይህን ልክ በየትኛው ወር ነው የወሰድሽው?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ውኃው፣ ባልጩቷ፣ ዝም ያለው ቆዳ፣ ሁሉም አንድ ላይ ገባኝ። «በጥር... በየካቲት» አልኩ።

ዳኛው ቃሉን ከአፌ ተቀበሉት። «በክረምትም ያው ነው?»

በክረምት መዝኜ አላውቅም። አላውቅም ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሁለት ቃል አይሞላም። ሙሴ ያኒ ያየኛል፤ ፋጡማ ከሰዉ ኋላ ቆማ ታየኛለች። አላውቅም ያልኩ እንደሆነ የአስካለ ልክ የሚባል ነገር እዚያው ግራሩ ሥር ያበቃል።

«ያው ነው» አልኩ።

ኦቦ ደበሌ ጎደለ የተባለውን እንዲከፍሉ ተፈረደና ሁለቱ የእርሻ በሬዎቻቸው ተሸጡ። ወደ ወለንጪቲ ተመለሱ፤ ያለ በሬ በምን እንደሚያርሱ እኔ አልጠየቅሁም። የመጋዘኑ ቁልፍ ለእኔ ተሰጠ። ፋጡማ በዚያ ሳምንት ሥራ ለቀቀች። ስትሄድ ዱላዋን እግሬ ሥር ጣለችና፣ «እንኪ፣ ቀጣዩን ሰው ስታራግፊ እንዳትቸገሪ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

በሚቀጥለው ሐምሌ በገዛ ፈቃዴ በጨው የታሸ አንድ ኮርጃ መረጥኩ። ሁሉንም ጠርዛቸው ላይ በቢላ ምልክት አደረግሁባቸው። መዘንኩ፣ ገልብጬ መዘንኩ፣ ከባልጩቷ ጋር አስተያየሁ። ቁልፉ በወገቤ ነው፤ ከእኔ በቀር ማንም አልነካቸውም። በጥር ከተደረደሩበት አውርጄ ያንኑ ሃያ ቆዳ መዘንኩ። የሦስት ቆዳ ያህል ሊጎድል ጥቂት ቀረው። ሚዛኑ የተበላሸ መስሎኝ ገለበጥኩት። ያው ነው። እዚያው ቆዳው ላይ ተቀመጥኩ።

ለሙሴ ያኒ ሄጄ ነገርኩት። እጁን አጨበጨበ።

«በጣም ጥሩ! አሁን ሁለት ልክ አለን፤ የበጋና የክረምት።»

«ኦቦ ደበሌ አልሰረቁም ማለት ነው፣ ሙሴ።»

«አዎ፣ ዐወቅሁ። ጅቡቲ ያለው ሰው ያኔውኑ ጻፈልኝ፤ ውኃ ነው አለ።» ትከሻውን ሰበቀ። «በሬው ተሽጧል። እኔ ምን ላድርግ? በሬ ልሁን?»

ወደ ዳኛው ሄድኩ፤ ወደ ሌላ አገር ተሹመው ነበር። አዲሱ ዳኛ ያለቀ ፍርድ አልከፍትም አሉኝ። ይህ እውነት ነው፤ ግን መደበቂያም አደረግሁት። ባቡሩ በየቀኑ ወለንጪቲን ያልፍ ነበር፤ የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይደለም። አንድም ቀን አልተሳፈርኩም። መሄዴን ሙሴ ያኒ ከሰማ ቁልፉን ይቀማኛል፣ እኔም ወደ ምንጃር የማንም ድርሻ ወዳልሆንኩበት እመለሳለሁ ብዬ ፈራሁ።

እውነቱን ማወቄ ለማን ጠቀመ መሰላችሁ? ሙሴ ያኒ ከዚያ በኋላ ከገበሬ የሚገዛው በክረምቱ ልክ ሆነ፤ በሐምሌም በጥርም። ለፀሐይ ብሎ ሦስት ቆዳ ያነሣል፣ ፀሐይ የምትበላው ግን አንድ ነው። ሁለቱ ለሱ። ቁራጮቹን የምዘረጋው፣ ሦስቱን የማነሣውም እኔ ነበርኩ። አንድ የአርሲ ሽማግሌ በየካቲት፣ ቆዳቸው እንደ ከበሮ እየጮኸ፣ ዐይናቸውን አጥብበው አዩኝ።

«የእናንተ ፀሐይ ዘንድሮ ሆዷ ሰፋ፣ ልጄ» አሉኝ። «እኛ አገር ያለችው እንዲህ አትበላም።»

ሳቅሁ። አብረውኝ ሳቁ፤ ቆዳቸውን በዚያው ዋጋ ትተው ሄዱ።

እንዲህ ስል ዓመታት አለፉ። በኋላ ባሕር ማዶ ዋጋ ወደቀ ተባለ፣ ሠራተኛ ተቀነሰ። ሙሴ ያኒም ራሱ ቁጥር የሚያሳይ፣ እንደ ሰዓት ቀስት ያለው ሚዛን አስመጣ። የኔም ዐይን ደክሞ ነበር። ጃንጥላው የመጣው ያኔ ነው።

ተሰናብቼ በሦስተኛው ቀን ባቡር ተሳፈርኩ። ከረጢቴን ከነሃያ ቁራጮቹ ይዣለሁ፤ ባልጩቷን በመቀነቴ ቋጥሬያለሁ። ያሰብኩት በወለንጪቲ ገበያ መሐል ቁራጮቹን ዘርግቼ፣ ኦቦ ደበሌን አጠገቤ አቁሜ፣ እኚህ ሰው አልሰረቁም፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ለማለት ነበር። ንግግሩን መንገዱን ሙሉ ስለማመድ ሄድኩ።

ቤታቸውን ሰዎች አሳዩኝ። ደጅ ላይ አንዲት አሮጊት ጤፍ ያበጥራሉ፤ የኦቦ ደበሌ ባለቤት፣ አዴ ቦንቱ ናቸው። ሰላምታ ሰጥቼ ኦቦ ደበሌን ፈልጌ ነው የመጣሁት አልኩ።

«ባለፈው ሚያዝያ ቀበርነው» አሉኝ። «ማን ልበል?»

«አስካለ ነኝ። ከአዳማ፣ ከቆዳ ቤቱ።»

ሰፌዱን አስቀመጡ። «የልኳ ሴትዮ?»

«አዎ።»

እንደሚያባርሩኝ ጠበቅሁ፤ ቢያባርሩኝ ይሻለኝ ነበር። «ይጠብቅሽ ነበር» አሉኝ። «ዳኛው ፊት ወሩን ስጠይቃት ፊቷ ተለወጠ፤ ገብቷታል ይል ነበር። አንድ ክረምትና አንድ በጋ ይበቃታል፣ ሳትመዝን አታድርም፣ ከዚያ ትመጣለች ይላል። በጋ በመጣ ቁጥር ባቡሩ ሲጮህ ወደ ጣቢያው መንገድ ያያል። ወንድሞቹ ሲስቁበት፣ እናንተ አታውቋትም፣ እኔ ነኝ ያስተማርኳት ይላቸዋል።»

የተለማመድኩት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። እጄ የሚያውቀውን አደረገ፤ ከረጢቱን ፈትቼ ሃያውን ቁራጭ ፊታቸው ዘረጋሁ። ይህ የባቡሩ ነው፣ ይህ የኬላው፣ ይህ የተሸካሚው፣ ይህ የመርከቡ። ይህች ፀሐይ በበጋ የምትበላት ናት፤ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ በክረምት የሚጨመሩት፣ ኦቦ ደበሌ ሰረቋቸው የተባሉት፣ ውኃ ናቸው አልኩ። መዝኜዋለሁ፣ ገልብጬም መዝኜዋለሁ አልኩ። ባልጩቷን አውጥቼ አጠገባቸው አስቀመጥኩ።

አዴ ቦንቱ ጎንበስ ብለው ቁራጮቹን አንድ በአንድ አዩ። ባልጩቷን አልነኳትም። ጤፍ የነካው ጣታቸው ከባቡሩ ወደ ኬላው፣ ከኬላው ወደ መርከቡ፣ ከመርከቡ ወደ ውኃው ሄደ። ከዚያ ቀና አሉ።

«ገባኝ» አሉ። «የኔ ሰው የትኛው ነው?»

እንደገና አየሁ። ሃያ ነበሩ። የሁሉንም ባለቤት አውቃለሁ፤ ለኦቦ ደበሌ ያነሣሁት ግን አልነበረም።